የሄለናው ኬ ኤፍ ኤፍ ኤ ሬዲዮ፦ በ250 ዋት የተሰማ ብሉዝ (ጥያቄና መልስ)

ኬ ኤፍ ኤፍ ኤ አሜሪካ ውስጥ በአርካንሶ ግዛት፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሿ ሄለና ከተማ በኖቬምበር 1941 የተከፈተ፣ በ250 ዋት ኃይል ያሰራጭ የነበረ የንግድ ሬዲዮ ነው። «ኪንግ ቢስኪት ታይም» የሚባለው የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ፕሮግራሙም የተጀመረው በዚያው ወር ነው። ስለ ጣቢያው የቀረቡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሙ ምን ማለት ነው?

ኤፍ፣ ኤፍ እና ኤ የሦስቱ መሥራቾች፣ የፍሎይድ፣ የፍራንክሊንና የአንደርሰን፣ መነሻ ፊደላት ናቸው። «ኬ» ግን የመንግሥት ምደባ ነው፤ ከሚሲሲፒ በስተምዕራብ ያሉ ጣቢያዎች በአብዛኛው በ«ኬ»፣ በስተምሥራቅ ያሉት በ«ደብሊው» ይጀምራሉ። ሄለና ያለችው በምዕራቡ ዳርቻ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ባለች ትንሽ ከተማ ጣቢያው ገንዘብ ከየት ያገኝ ነበር?

የአየር ሰዓት በመሸጥ ነው። የኪንግ ቢስኪት አጀማመር ይህንን በደንብ ያሳያል። ሃርሞኒካ ተጫዋቹ ሶኒ ቦይ ዊሊያምሰንና ጊታሪስቱ ሮበርት ሎክዉድ ጁኒየር ጣቢያው ሄደው እንጫወት ሲሉ፣ የፈለጉት ማታ የት እንደሚጫወቱ በአየር ላይ እንዲነገርላቸው ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ሳም አንደርሰን ስፖንሰር እንደሚያስፈልግ ነግሮ ወደ ኢንተርስቴት ግሮሰር የተባለው የምግብ ሸቀጥ ድርጅት ባለቤት ወደ ማክስ ሙር ላካቸው። ሙር ኪንግ ቢስኪት የተባለ የስንዴ ዱቄት ያከፋፍል ስለነበር ሰዓቱን ገዛ። ጣቢያው ክፍያ፣ ነጋዴው ገበያ፣ ሙዚቀኞቹ ደግሞ የማታ ታዳሚ አገኙ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ፕሮግራሙ አይኖርም ነበር።

ሽያጩም በማይክሮፎን ብቻ አልቀረም። ቡድኑ በጭነት መኪና ላይ ሆኖ በየመንደሩ እየተጫወተ ዱቄቱን ያስተዋውቅ ነበር። ኋላ ላይ «ሶኒ ቦይ» የተባለ የበቆሎ ዱቄት ወጣ፤ የሙዚቀኛው ሥዕል ከረጢቱ ላይ ታተመ። የጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ በሬዲዮ በማይሰማበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጥያቄ፦ ቢስኪት ማለት ብስኩት ነው?

አይደለም። እኛ ከሻይ ጋር የምንበላው ደረቅ ብስኩት ሌላ ነው። የአሜሪካ ደቡብ ቢስኪት ያለ እርሾ፣ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ፣ ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ነው፤ ትኩሱን በቅቤ ወይም በመረቅ ይበሉታል። ቤት ውስጥ በየጠዋቱ ስለሚጋገር ዱቄት ሻጭ በየቀኑ ማስታወቂያ ቢያስነግር ያዋጣዋል።

ጥያቄ፦ 250 ዋት እኮ የአምፖሎች ኃይል ነው። እንዴት ሩቅ ተሰማ?

ጣቢያው የሚያሰራጭበት መካከለኛ ሞገድ (ኤ ኤም) ቀን ቀን መሬት ለመሬት ነው የሚጓዘው። ርቀቱን የሚወስነው ከኃይሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ አፈሩ ነው፤ እርጥብና ለም ሜዳ ሞገዱን በደንብ ያሻግራል፣ ደረቅና ድንጋያማ መሬት ይበላዋል። ዴልታ የሚባለው የሄለና አካባቢ ደግሞ ሚሲሲፒ ወንዝ ባመጣው ደለል የተሞላ ጠፍጣፋ አገር ነው። በዚያ ላይ የዛሬው የኤሌክትሮኒክስ ጩኸት በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ኃይል መጨመር ሰው የሚያስበውን ያህል አይጠቅምም። ከ250 ወደ 1000 ዋት ብትወጣ፣ ኃይሉ አራት እጥፍ ሆኖ ሳለ የሲግናሉ ጥንካሬ የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ለምን እኩለ ቀን ላይ ሆነ? ለሙዚቃ ማታ አይሻልም?

ፕሮግራሙ የሚተላለፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡15 ነው። ጥጥ እርሻ ላይ የሚውለው ሠራተኛ ለምሳ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነበር። በሚሲሲፒ ግዛት ኢንዲያኖላ ከተማ አካባቢ እርሻ ይሠራ የነበረው፣ ኋላ ዝነኛ የብሉዝ ጊታሪስት የሆነው ቢ ቢ ኪንግ ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። ቴክኒኩም ይስማማል። ቀን ላይ የታችኛው የአዮኖስፌር (የላይኛው ከባቢ አየር) ሽፋን ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሞገድ ስለሚውጠው የሩቅ ጣቢያዎች አይረብሹም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሽፋኑ ይጠፋና በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ የሩቅ ጣቢያዎች ይደባለቃሉ፤ ያኔ ትንሽ ጣቢያ ከከተማው ብዙም አይርቅም።

ጥያቄ፦ የቴክኒክ ሰው ነኝ። ምሰሶው ምን ያህል ይረዝማል? በብዛት የሚበላሸውስ ምኑ ነው?

የተለመደው የሞገዱ ርዝመት ሩብ ነው። ኬ ኤፍ ኤፍ ኤ በኋላ በያዘው 1360 ኪሎ ኸርዝ ብናሰላ፣ ሞገዱ 220 ሜትር ያህል ስለሆነ ምሰሶው ወደ 55 ሜትር ይመጣል። ምሰሶው ራሱ አንቴና ነው፤ የሚቆመውም በሸክላ ኢንሱሌተር ላይ ነው።

ሰው የሚረሳው ከመሬት በታች ያለውን ነው። በተለመደው አሠራር 120 የመዳብ ሽቦዎች ከምሰሶው ሥር እንደ ፀሐይ ጨረር ተዘርግተው ይቀበራሉ። እያንዳንዱ 55 ሜትር ቢሆን በድምሩ 6.6 ኪሎ ሜትር መዳብ ነው። መጋጠሚያው ይዝጋል፣ ማረሻ ይቆርጠዋል፣ ሌባም ይነቅለዋል። ትራንስሚተሩ ላይ ያለው ሜትር ሙሉ ኃይል እያሳየ አድማጭ «ድምፃችሁ ደከመ» ካለ፣ መጀመሪያ ትራንስሚተሩን አትፍቱ፤ የምሰሶውን ግርጌ ሬዚስታንስ ለኩና ከድሮው መዝገብ ጋር አስተያዩ። ከተለወጠ ሽቦውን ቆፍሩ።

ጥያቄ፦ ሶኒ ቦይ ዊሊያምሰን ሁለት ናቸው ይባላል፤ የትኛው ነው?

የሄለናው አሌክ «ራይስ» ሚለር ነው፤ በ1965 አረፈ። ሌላው ጆን ሊ ዊሊያምሰን በዚሁ ስም ከ1937 ጀምሮ ሸክላ ያስቀዳ፣ ቺካጎ የኖረና በ1948 የተገደለ ነው። ሸክላ ስትፈልጉ ዓመቱን እዩ።

ጥያቄ፦ የኪንግ ቢስኪት ታይም ስርጭት ተቋርጦ ያውቃል?

አዎ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ዓመታት ተቋርጦ በ1986 ተመለሰ። በ1992 ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ሥራዎች የሚሰጠውን የፒቦዲ ሽልማት አግኝቷል። አቅራቢው «ሰንሻይን» ሶኒ ፔይን ከ1951 ጀምሮ ይዞት በፌብሩዋሪ 2018 እስኪሞት ድረስ ከ17,000 በላይ ዝግጅቶች አስተላልፏል፤ ከእሱ በኋላም ፕሮግራሙ ቀጠለ።