ከቅስና በኋላ ማን ያርማችኋል?

ልጆቼ በተለይ በቅርብ ዲቁናና ቅስና የተቀበላችሁ፣ እዚህ ባህር ዳር አንዳንዶቻችሁ "አባ ትምህርቱን ጨርሰን ነው የተሾምነው፣ አሁን ደግሞ ስልጠና ምን ይጨምርልናል" ስትሉ እሰማለሁ፣ ቆሞ የሚመለስ ነገር አይደለምና ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ቅኔ ቤት የዋላችሁ ታውቁታላችሁ። ቀን ጫካ ገብተህ ቅኔ ስትቆጥር፣ ማለት ስታወጣ ስታወርድ ስትደርስ ትውላለህ፣ ማታ የኔታ ፊት ቀርበህ ትነግራለህ፣ ምስጢሩ ካልገጠመ ወይ የስንኙ ቤት ከተሰበረ እዛው ጓደኞችህ ፊት ይታረማል፣ ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ ይዘህ ትቀርባለህ። ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና የጀመረውም ረጅሙ መወድስ ላይ የደረሰውም እኩል ነው የሚታረመው። ቅስና በተቀበልክ ማግስት ግን ይሄ ነገር ቀጥ ይላል። ሰው መስቀል ይሳለማል፣ "ይፍቱኝ አባ" ይላል፣ ያልከውን ሁሉ አሜን ብሎ ይዞ ይሄዳል፣ አንተም ቀስ በቀስ የማታውቀውን ሁሉ የምታውቅ ይመስልሃል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ የደሞዙ ማነስ አይደለም (እሱም እውነት ነው፣ ሌላ ቀን እናወራዋለን)።

አንድ እናት ከዘጌ በጀልባ መጥታ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ኪኒን ፈታ አሳየችኝ፣ "ጠበል ጀምሬያለሁ፣ ጾሙም ገባ፣ ይሄን ልተወው?" አለች። የሳንባ ነቀርሳ መድሃኒት ነበር። ያ መድሃኒት ስድስት ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው፣ ሳሉ ሲለቃት ተሻለኝ ብላ ካቆመችው በሽታው መድሃኒቱን ተላምዶ ነው የሚመለስባት፣ ለልጆቿም ይተርፋል። ይሄን ያወቅኩት የጤና ባለሙያዎች ለካህናት በሰጡት ስልጠና ላይ ነው እንጂ የዜማ መጽሐፋችን ድጓ ላይ አይገኝም። ግን ደግሞ እሱን ብቻ ብነግራት አትሰማኝም ነበር፣ ፊቷ የተፈታው በቤተክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ላይ ጾም ሲታዘዝ የታመመ ሰው እንደማይገደድ ስነግራት ነው። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም ጠበሉንም የኤችአይቪ መድሃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረው ነበር እኮ፣ ሁለቱን ለማጣላት የሚቸኩል ካህን ግን ዛሬም አለ።

ስለዚህ ስልጠና ሲጠራችሁ ለአበልና ለሰርተፍኬት ብላችሁ አትሂዱ፣ ያቃታችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። የንስሐ ልጅህ የነገረችህ ነገር ከአንተ አይወጣም፣ ስምም ሰፈርም መንደርም አይጠራም፣ የጉዳዩን ዓይነት ብቻ አንስተህ ጠይቅ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት "ታገሺ" ብለህ የመለስካት እንደሆነ እሱንም ጠይቅ። አሰልጣኙ አንዳንዴ ፓወር ፖይንቱን በእንግሊዝኛ ሞልቶት ይመጣል፣ ቤተክርስቲያኑንም አያውቃትም፣ ይሁን፣ በአማርኛ አስረዳን በሉት፣ ማንም አይቆጣችሁም።

የኛንም ቤት አትርሱ። ድጓችሁን ጋይንት ቤተልሔም ሄዳችሁ ማስመስከር፣ ማለት ተፈትናችሁ መመረቅ የምትችሉ ሂዱ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለውን ዜማ የሚወድ ዙር አባ የሚባለው ደብር አለለት። ልጅ ወልዳችሁ ደብር ይዛችሁ መሄድ ካልቻላችሁም እዚሁ ከተማ ሐዲስ ኪዳን የሚያስተምር መምህር ፈልጋችሁ በሳምንት አንድ ቀን ከአንድምታው፣ ከትርጓሜው ጋር ተቀመጡ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ቲክቶክ ላይ የሰሙትን ይዘው ሲመጡ "አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ" ማለት ነውር አይደለም፣ ሳትጠይቅለት ከቀረህ ነው ነውሩ። የ14 ዓመት ልጅ ልንድር ነው ባርኩልን ሲሏችሁ ግን ጠይቄ ልምጣ አይባልም፣ ህጉ 18 ነው፣ እዛው አይሆንም በሏቸው።

ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ከአንድ ሸምገል ካለ አባት ጋር ተቀመጡና የሳምንቱን አንሱ፣ የሰበካችሁትንም ጭምር ያርምላችሁ፣ ደስ አይልም መጀመሪያ ላይ፣ ትለምዱታላችሁ። መንፈሳዊ ኮሌጅ ለመግባት የድጋፍ ደብዳቤ የምትፈልጉ ደግሞ እኔ ጋ ከመምጣታችሁ በፊት ሰበካ ጉባኤያችሁን አነጋግሩ፣ ብቻዬን አልፈርምም።