የመንደራችንን ታሪክ ከየት እንጀምር?

ሰሞኑን ከአዳማና ከዙሪያዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአጋጣሚ ወደ አንድ ነገር ያዘነበሉ ናቸው።

*አምስት ጎረቤታሞች የመንደራችንን ታሪክ ልናጠና አስበናል። በምን እንጀምር?*

በእድሩ መዝገብ። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን እንዳረፈ፣ መዋጮው ስንት እንደነበር እዚያ ታገኛላችሁ። አንድ የእድር ጸሐፊ ያሳዩኝ ደብተር ጠርዙ በእጅ ወዝ ጠቁሯል። መዋጮው ከሃምሳ ሳንቲም ተነስቶ ብር ሲገባ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታዲያ ደብተሩን ይዛችሁ እንዳትሄዱ! እዚያው በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ቦኖውን ወይም ወፍጮ ቤቱን። ሁሉን ካላችሁ በሁለተኛው ወር ትበተናላችሁ።

*አዛውንቶቹን ዓመተ ምሕረት ስንጠይቃቸው "ኧረ እኔ እንጃ" ይሉናል።*

እውነታቸውን ነው። እኔስ የተዳርኩበትን ዓመት መቼ በቅጡ አውቃለሁ! ቁጥር አትጠይቁ። "ጣልያን ሲወጣ ተወልደው ነበር?" በሉ፤ 1933 ነው። "የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የት ነበሩ?" በሉ፤ 1946 ነው። ያኔ የሆላንዶች ነበር፤ ሸንኮራ ቆርጦ ያደገ ሰው እሱን አይረሳም። "መሬት ለአራሹ ሲታወጅስ?" 1967። በሁለት ክስተቶች መሃል ካስገባችሁት ይበቃል። ከፈረንጅ ሰነድ ጋር ስታስተያዩ ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ 8 ነው።

*የሰፈራችንን ስም አመጣጥ ሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻ ይነግሩናል። ማንን እንመን?*

ሁለቱንም ጻፉ፤ ማን እንደነገራችሁም ጭምር። ዳኛ አትሁኑ። አዳማ ራሷ ስንት ዘመን ናዝሬት ስትባል ኖራለች፤ አሁንም በዚያ ስም የሚጠሯት አሉ። ስም ላይ የሚነሳ ክርክር ራሱ ታሪክ ነው።

*በኦሮምኛ የሚያወሩትን እናት በአማርኛ ብንጠይቃቸው ችግር አለው?*

አለው። በአፍ መፍቻቸው ጠይቁ፣ በዚያው ቅዱ፣ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል።

*ሳያውቁ በስልክ ብንቀዳቸውስ?*

በፍጹም! አስፈቅዱ፤ ሲጠናቀቅም መልሳችሁ አሰሟቸው። "ይቺን አውጡልኝ" ካሉ ይውጣ።

አንድ የራሴን ስህተት ልጨምር። አንድ አባትን ቡና እየተፈላ ሁለት ሰዓት ቀዳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የሚሰማው ሙቀጫ ብቻ ነው። ቡናው ተወቅጦ ካበቃ በኋላ ቅዱ።