መነጽር አድርጌ ድሮን ሳበርር ያየሁት

ሰላም ወንድሜ። «ወደፊት የሰው ዓይን ከድሮንና ከሮቦት ጋር በቀጥታ ይገናኛል ወይ? አሁንስ መነጽር አድርጎ የሚያበርር ሰው ምን ይሰማዋል?» ብለህ ለጠየቅከው የማውቀውን ልንገርህ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ በመነጽር የሚበር ድሮን (ኤፍፒቪ የሚሉትን) ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቼ ተቀመጥኩ። መነጽሩን ሳጠልቅ ሜዳውም ሰዉም ጠፋ። የቀረው የድሮኑ ካሜራ የሚያየው ብቻ ነው። ድሮኑ ሲነሳ እኔ የተነሳሁ መሰለኝ፣ ወደ ጎን ሲያዘነብል እኔም አብሬ አዘንብዬ ከወንበሩ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አዙሬ ወደ ራሴ መለስኩት። አንድ ሰውዬ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል፣ ፊቱ ተሸፍኗል፣ ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ሹራቡ የኔ ነው! ከላይ የማየውም ከታች የተቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ያቺን ደቂቃ መቼም አልረሳትም። ሆዴም ተገለባበጠ፤ ዓይን እየበረርን ነው ሲል የውስጥ ጆሮ ተቀምጠናል ይላላ። ማቅለሽለሹ እስኪለቀኝ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ምስሉ ጥራት ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን መዘግየቱ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ድሮን በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። ምስሉ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ከዘገየ፣ አንተ ቅርንጫፉን ስታየው ድሮኑ 3 ሜትር ያህል ቀድሞሃል ማለት ነው። አንዱን ድሮኔን ዛፍ ላይ የሰቀልኩት እንዲህ ነው። ውድድር ላይ ያሉ ልጆች የደበዘዘውን አናሎግ ምስል ለረጅም ጊዜ ያልተዉትም ቶሎ ስለሚደርስ ነው።

ሕክምና ውስጥም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ማሬስኮ ኒው ዮርክ ሆነው፣ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የተኛች ታካሚን የሐሞት ከረጢት በሮቦት አወጡ። በፋይበር መስመር መዘግየቱ 155 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነበር። 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር። በዚያ መዘግየት ቢላ መያዝ ያስፈራል።

በቀጥታ ከአእምሮ ጋር ስለማገናኘት ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. 2013 ላይ አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ሰዎች የአእምሮን የኤሌክትሪክ ምልክት በሚያነብ ኮፍያ ትንሽ ድሮን አብርረዋል። እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ በማሰብ ብቻ። ትእዛዝ መላኩ እንግዲህ ተጀምሯል። ምስል ወደ ውስጥ ማስገባቱ ነው ከባዱ። አርገስ 2 የተባለው ሰው ሠራሽ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ክፍል የሚተካ መሣሪያ) የነበሩት ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ምስሉን በኤሌክትሪክ ወደ ነርቭ የሚያደርሱ ነጥቦች፣ 60 ብቻ ናቸው። ብርሃንና ጥላ መለየት ለማይችል ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በዛፍ መሃል ሾልኮ ለማለፍ ግን አይበቃም። ስለዚህ ገና ብዙ ዓመት መነጽር ላይ የምንቆይ ይመስለኛል።

መጀመር ካሰብክ በሲሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ማብረር በሚያለማምድ ፕሮግራም) ጀምር። አገር ቤት ከሆንክ ድሮን ከመግዛትህ በፊት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ ጠይቅ። እዚህም ቢሆን ከዋሽንግተን 15 ማይል ዙሪያ ክልክል ስለሆነ ራቅ ብዬ ነው የምሄደው፣ መነጽር ያደረገ ሰው አጠገቡ በዓይኑ ድሮኑን የሚከታተል ሌላ ሰው እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል። ኮምፒውተርህ ምን ዓይነት እንደሆነ ጻፍልኝና የሚስማማህን ሲሙሌተር እነግርሃለሁ።