የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አህያዋን የበላው ጅብ

ጥያቄ፦ የምንኖረው መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ጥብቅ ሥፍራ በማይርቅ ቀበሌ ነው። ባለፈው ሁዳዴ ደጅ ታስራ ያደረች አህያችንን ጅብ በላብን፤ ከዚያ ወዲህም ሁለት በጎች ሌሊት ከጉረኖ ወጥተው ቀሩ። ቀን ደግሞ ግልገል ይጠፋል፤ እረኞቹ ቀይ ቀበሮ ነው የበላው ይላሉ። ጎረቤቶቻችን ጥንብ ላይ መርዝ አድርገን እንጣል እያሉ ነውና ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመርዙን ነገር ፈጽሞ እንዳያስቡት። መርዝ ያለበት ጥንብ ላይ ከጅቡ በፊት የሚደርሱት ጥንብ አንሳውና የጎረቤት ውሻ ናቸው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውና ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮም ከዚያው ሊበላ ይችላል። ከዚህም በላይ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በሕግ ያስጠይቃል።

አህያዋ በሁዳዴ መበላቷ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለንም። ተመራማሪዎች በመቀሌ አካባቢ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር ሲመረምሩ፣ የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ገደማ የነበረው በጾሙ ወቅት ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። እርድ ሲቆም የሚጣለው አጥንትና አንጀት ይቀራል፤ ጅቡም የሚበላውን ፍለጋ ደጅ ወዳደረው እንስሳ ይዞራል። ስለዚህ በተለይ በእነዚህ 55 ቀናት አህያ ደጅ ማደር የለባትም። በግና ላም ቤት ሲገቡ አህያ ደጅ የምትቀርበት ልማድ ለጅቡ እንደተዘጋጀ እራት ነው።

ስለ ጉረኖው ስንመጣ፣ በጎቹ «ወጥተው ቀሩ» ማለትዎ ብዙ ይነግረናል። ጅብ ሁልጊዜ አጥር ዘልሎ አይገባም፤ ሽታውንና ጩኸቱን ሰምተው የደነገጡ በጎች ራሳቸው በደካማው በኩል ገፍተው ይወጡና ውጭ ያገኛቸዋል። ደካማው ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ነው። የድንጋዩን ካብ ከፍ አድርገው በላዩ እሾህ ይደርድሩበት፤ እሾሁን ሲያስቀምጡም ግንዱ ወደ ውስጥ፣ ቅርንጫፉ ወደ ውጭ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ጅቡ ጎትቶ ሊያነሣው ያስቸግረዋል፤ እርስዎ ግን ከውስጥ ሆነው በቀላሉ ይስቡታል። ከካቡ ሥር ቆፍሮ እንዳይገባም መሠረቱን በትልልቅ ድንጋይ ይሙሉት። የተገደለው በግ ጉሮሮው ተነክሶ ወደ ገደል ወይም ወደ ጫካ የተጎተተ ከሆነ ግን ነብርን ይጠርጥሩ፤ ለነብር ክዳን የሌለው ካብ አይበቃም።

የግልገሎቹ ነገር ሌላ ነው። ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው፤ አልፎ አልፎ ግልገል አይነካም ባንልም፣ ተራው ቀበሮ በልቶ እርሱ የሚከሰስበት ጊዜ ብዙ ነው። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፦ አዲስ የተወለዱ ግልገሎች እስኪጠነክሩ ከቤት አጠገብ ይዋሉ፣ ትልቅ መንጋም ለአንድ ሕፃን ብቻ አይሰጥ።

ኬንያ ውስጥ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ዳርቻ አንበሳን ለማራቅ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት በበረት ዙሪያ ይተከላል። ለጅብ ብቻውን የሚበቃ አይመስለንም፤ የእኛ ጅብ በከተማ መብራት ሥር ሲዞር የሚያድር ነው።

ውሻ ጠቃሚ ነው፤ ሥራው ግን ጅቡን መግጠም ሳይሆን እናንተን መቀስቀስ ስለሆነ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ከበረቱ አጠገብ ይደር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፣ ጓሳ ላይም አይለቀቅ፤ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የፈጀው ይኸው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሳይፈራ ከመጣም ይህንኑ በሽታ ይጠርጥሩ። የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የተነከሰውን እንስሳም ለይታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።