እኔ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ነጋዴው ስልክ ላይ ይዘጋል ላልከው

«የሱቅ ሒሳብ አፕ በኮትሊን (የፕሮግራም ቋንቋ) እየሠራሁ ነው፤ ዋጋው ስትሪንግ (ጽሑፍ) ስለሆነ በቱደብል (toDouble) ወደ ነጥብ ያለው ቁጥር እቀይረዋለሁ። አንዳንድ ስልክ ላይ ክራሽ ያደርጋል (በድንገት ይዘጋል)፣ የኔ ላይ ግን ምንም የለውም» ላልከው ወንድም።

አቦ፣ መጀመሪያ «ትራይ ካች (ስህተት ሲፈጠር አፑ እንዳይዘጋ የሚይዝ ኮድ) ውስጥ ክተተውና ካልሆነ ዜሮ ይሁን» የሚሉህን አትስማ። አፑ ሲዘጋ ነጋዴው ወዲያው ይደውልልሃል። ዜሮ ሲመዘገብ ግን ማንም አይደውልም፤ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ በ1,250 ብር የተሸጠ ዕቃ በ0 ብር ተጽፎ ይቀመጣል፣ ወር ሲዘጋ ሠራተኛው ይጠረጠራል።

1. ቱደብልን ትተህ ቱቢግዴሲማልኦርነል (toBigDecimalOrNull) ተጠቀም፤ ቁጥሩን ሳያዛባ ወደ ቢግዴሲማል ይቀይራል፣ ካልቻለ ነል (ባዶ) ይመልሳል። ነል ከመለሰ አትመዝግብ፤ ሳጥኑን ቀይ አድርገህ «እባክዎ ዋጋውን በቁጥር ያስገቡ» በል። ቱደብልን ተጠቅመህ ሳንቲም ለማውጣት በ100 ካባዛኸው 19.99 የሚሰጥህ 1998.9999999999998 ነው፤ ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይረው ቱኢንት (toInt) ደግሞ ይቆርጠውና 1998 ያደርገዋል። በ19.99 በተሸጠ ቁጥር አንድ ሳንቲም በላህ ማለት ነው።

2. ከመቀየርህ በፊት ትሪም አድርግ (ዳርና ዳር ያለውን ክፍተት ቁረጥ)። ቱደብል ዳር ላይ ያለ ክፍተት አይገደውም፣ ቱኢንትና ቢግዴሲማል ግን እሺ አይሉም። ኮማን በጅምላ አታጥፋ፦ 12 ብር ከ50 ለማለት «12,50» የጻፈ ሰው 1250 ይሆንበታል። ከኮማው በኋላ ልክ ሦስት አሃዝ ከሌለ መልሰህ ጠይቀው።

3. ያንተ ችግር ግን እዚህ ይመስለኛል። ድሬ ላይ ስልኩን ዐረብኛ ያደረገ ነጋዴ ቢገጥምህ አይግረምህ። አፕህ ዋጋውን በሁለት አሃዝ አሳምሮ ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ሲጽፍ፣ ፎርማት (ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ የሚያሳምረው) ላይ ሎኬል (የቋንቋና የአገር ቅንብር) ካልሰጠኸው የስልኩን ቋንቋ ይከተላል። እንደ ግብጽ ዐረብኛ ባለው ላይ አሃዞቹም ነጥቡም በዐረብ ምልክት ይጻፋሉ። ቱደብል እነዚያን አያነብም። የሚያሳስተው ቱኢንት ማንበቡ ነው፦ የብዛቱ ሳጥን ደኅና ይሠራል፣ የዋጋው ይዘጋል፣ አንተም ጥፋቱን ኪቦርዱ ላይ ትፈልጋለህ። ቢግዴሲማልም አሃዙን ቢያውቅ ነጥቡን አያውቅም። ስለዚህ ተመልሶ የሚነበብ፣ የሚቀመጥ ወይም ሰርቨር የሚላክ ሁሉ በሎኬል ሩት (Locale.ROOT፣ የስልኩን ቋንቋ የማይከተል ቋሚ ቅንብር) ይጻፍ። የስልኩ ቋንቋ ለማሳየት ብቻ ነው።

የደንበኛ ስልክ ቁጥር ጋ ደግሞ አትድረስ፤ ስትሪንግ ሆኖ ይቅር። ወደ ቁጥር ከቀየርከው የ025 ዜሮ ይጠፋል፣ በ251 የሚጀምረው ደግሞ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ከሚይዘው ጣሪያ ከ2,147,483,647 ያልፋል።

አስተካክለህ ስትጨርስ ስልክህን ዐረብኛ፣ ግብጽ አድርገው። 19.99 ጽፈህ መዝግብ፣ ያንኑ ዕቃ መልሰህ ክፈትና ምንም ሳትነካ እንደገና መዝግብ። ጥፋቱ ካልተስተካከለ የሚታየው ሁለተኛው ላይ ነው።