ከደብረ ብርሃን ሆራ ሐይቅ፦ ልጅ ይዞ ደርሶ መልስ አይሆንም

እህታችን ትናንት እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ "የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ወጥተን፣ ሐይቅ ዳር አንዲት ትንሽ መናፈሻ ውለን፣ ማታ ቤታችን መግባት እንችላለን? ቢሾፍቱ፣ ሆራ ሂጂ ያሉኝ አሉ።"

እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ መጀመሪያ ከልጆቼና ከእናቴ ጋር፣ ቀጥሎ ከጎረቤቶች ጋር። ሆራ ሂጂ። ግን እደሩ።

ከኛ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ ቢሾፍቱ ሌላ 45 ገደማ። ሲያወሩት ቀላል ነው። አውቶቡሱ ግን ላምበረት ያወርድሻል፣ የቢሾፍቱ መኪና ያለው ደግሞ ቃሊቲ ነው። ልጅ አቅፎ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ ከተማውን ማቋረጥ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። እኛ ንጋት 12 ሰዓት ተነስተን ሐይቁን ያየነው 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ትንሿ ልጄ እንደደረስን ተኛች።

ሁለተኛው ጊዜ ሦስት ቤተሰብ ተዋጥተን ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ ስትገቢ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት። ችግሩ ሸኖ ላይ ነበር፤ ሴቶቹ ለቅቤ ወርደው አልመለስ አሉ። እሱን ጊዜ አስቀድመሽ ሒሳብ ውስጥ አስገቢው።

አሁን ዋናው ነገር። እኛ የበሬሳን ወንዝ የለመድን ሰዎች ውሃ ስናይ ዳሩ ጥልቀት የሌለው ይመስለናል። የቢሾፍቱ ሐይቆች እንደዚያ አይደሉም። ድሮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው፣ ዳራቸው ቁልቁል ነው። በከተማው ስም የሚጠራው የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ሆራ ከእሱ ያነሰ ቢሆንም ለልጅ ልዩነት የለውም።

ይህን ያወቅሁት በልጄ ነው። ለሻይ ልከፍል ኪሴን ስዳብስ እሱ ዳክዬ ሊያይ ውሃው ውስጥ ገባ። አንድ እርምጃ፣ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ወገቡ ድረስ ሰጠመ። በጃኬቱ ኮፍያ ጎትቼ አወጣሁት፣ አንድ ጫማው ግን ሐይቁ ላይ ተንሳፎ ቀረ። እናቴ ቀኑን ሙሉ እጁን አልለቀቀችም። "ይሄ ውሃ ዝምታው ራሱ ያስፈራል" አለች። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው ሥራው ልጅ መጠበቅ ብቻ ይሁን። ፎቶ የሚያነሳው ሌላ ሰው ይሁን።

ጀልባ አለ። ዋጋውን ሳትሳፈሪ ጨርሺ፤ እኛን አንዱ ሐይቁ መሃል አድርሶ "ለልጆቹ ሌላ ነው" ብሎናል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለልጅ ልክ የሚሆን ከሌለ አትሳፈሩ። ጠዋት ላይ ውሃው ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ያወዛውዛል። ማደር ያልኩሽ አንዱ ለዚህ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ገብታችሁ እሑድ በጠዋት ሐይቁን ባዶውን ታገኙታላችሁ።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ግን ለሽርሽር አትሂዱ፤ ኢሬቻ የሚከበረው እዚያው ሆራ ዳር ስለሆነ ሕዝቡ ብዙ ነው።

ምግብ ከቤት ያዢ፤ ለልጆቹ ዳቦና እንቁላል ይበቃል። ትልልቆቹ ከተማው ውስጥ ዓሣ ለብለብ ቅመሱ። ጾም ከሆነ እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺ፣ እኔን አታስገቢኝ።

የግድ በአንድ ቀን ካልሽ ሐይቁን ተይውና አንኮበር ውጡ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃ ባይኖርም ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ አፋር ማየት ልጅንም ያስደስታል። የትም ሂዱ፣ ጠዋት ሳትወጡ መናኸሪያ ለምታውቁት ሰው ደውላችሁ መንገዱን ጠይቁ።

ጋቢውን ቤት ተይው፣ ቢሾፍቱ ከኛ በጣም ትሞቃለች። ለልጆቹ ባርኔጣ ያዢ፣ ጫማም ሁለት ሁለት። የኔው በአንድ እግሩ ነው ደብረ ብርሃን የገባው።