ለፐርሺያኗ ድመት ቤት ስትፈልጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት። ሻርጃ ውስጥ፣ ከሕንፃችሁ ሥር ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ነጭ ፐርሺያን ድመት፣ ያቺ ጸጉረ ረጅምና አፍንጫዋ የተደፈጠጠ ዝርያ፣ አግኝተሽ አስገብተሻታል። ቤቱ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም ብዙ ሰው አንድ ክፍል ተጋርቶ አልጋ አልጋ የሚከራይበት፣ ስለሆነ አብረውሽ የሚኖሩት እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የታገሡሽ። «ቋሚ ቤት እንዴት ላግኝላት?» ብለሻል። እኔ ዱባይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አምስት ድመቶች በእጄ አልፈዋል። አንዷን ግን በድያታለሁ። ከእሷ ልጀምር።

ግራጫ ፐርሺያን ነበረች። ፎቶዋን ጠዋት ለጠፍኩ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሃያ ሰው ጻፈልኝ። ቀድሞ መኪና ይዞ ለመጣው ሰጠኋት። ምንም አልጠየቅኩትም። እሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አልመከነችም አይደል?» ያኔ አልገባኝም። ከወራት በኋላ ልጆቿን ሲሸጥ አየሁት። መልስልኝ ብዬ ስደውል ስልኩን ዘጋብኝ። አሁንም ሳስታውሳት ሆዴን ይበላኛል።

ዘሯን የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። አንቺ የምትፈልጊው እሷን የሚፈልግ አንድ ሰው ነው።

መጀመሪያ ግን ባለቤት እንዳላት አጣሪ። ነገውኑ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰጃትና ማይክሮቺፕ፣ ማለትም ባለቤቷን ለማግኘት የሚረዳ ቁጥር የያዘች ትንሽ ቺፕ፣ ካላት በስካነር ያንብቡልሽ። የሩዝ ፍሬ ታህላለች፤ በትከሻዎቿ መካከል ከቆዳዋ ሥር ነው የምትቀበረው። አንዳንዴ ስለምትንሸራተት ጎኗንም እንዲፈትሹ ንገሪያቸው። ሁሉም ድመት ተጥሎ አይደለም። ሁለተኛዋ ድመቴ ከቤት አምልጣ የጠፋች ነበረች፤ ባለቤቷ በቺፑ ቁጥር ስትገኝ እያለቀሰች መጣች።

ሆዷና ብብቷ ላይ ጸጉሯ ተገምዷል ብለሻል። በመቀስ እንዳትነኪው! ቆዳዋ ስስ ነው፤ ከጸጉሩ ጋር ተስቦ ስለሚነሳ ሳታስቢው ትቆርጫታለሽ። እንዳታጥቢያትም፤ ውሃ ከነካው ይብሱኑ ይጠብቃል። ክሊኒኩ በማሽን ይላጭላት። ክብ ክብ ሆኖ ጸጉሩ የረገፈ ቦታ ካየሽ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ አብረውሽ ከሚኖሩት አትደብቂ። ምግብ እምቢ ካለች ደግሞ ቀን አትቁጠሪ። ድመት ለጥቂት ቀናት እንኳ ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ሊጎዳ ይችላል። ፐርሺያኖች የሚወርሱት የኩላሊት ሕመምም አለ፤ በአልትራሳውንድ ይታያል። ከተገኘባት ለሚወስዳት ሰው በግልጽ ንገሪ።

በክሊኒክ በቀዶ ሕክምና ሳትመክን ለማንም አትስጫት። ማስታወቂያሽ ላይም «የመከነች ናት» የሚለውን ከላይ ጻፊው። ለማራባት የሚፈልጓት እዚያው ይቀራሉ። ሃያው ሰው ወደ አራት ቢወርድ አትደንግጪ፤ አራቱ ይበቁሻል። ወጪው እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ግን «አዋጡልኝ» ብለሽ እንዳትለጥፊ፤ ኤምሬትስ ውስጥ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ በሕግ ያስጠይቃል። ከጎዳና የተነሳች መሆኗን ለክሊኒኩ ንገሪና ቅናሽ ጠይቂ፤ እኔን ሁለቴ ቀንሰውልኛል።

ከዚያ ሰዎቹን ጠይቂ። አከራያቸው ድመት ይፈቅዳል? ለዕረፍት ሲሄዱ ማን ይይዝላቸዋል? አገር ለቀው ቢሄዱስ? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ለእኛ አገር ለቀን ለምንኖር ሰዎች ዋናዋ ናት። እንደ ፐርሺያን ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ድመቶች ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ብዙ አየር መንገዶች በጭነት ክፍል አይቀበሏቸውም፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ይብሳል። ይህን ቀድሞ ያላሰበ ቤተሰብ ቪዛው ሲያልቅ ድመቷን ከሕንፃው ሥር ትቷት ይሄዳል። ያቺ ነጭ ድመትሽም እንዲህ የቀረች ትመስለኛለች።

የመጨረሻዋን ድመቴን የወሰደቻት ፊሊፒናዊት ነርስ ናት። እሷን እስካገኝ ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ። ሌሎቹ «ወረቀት አላት? ንጹሕ ዘር ናት?» ነበር የሚሉኝ። እሷ ግን «ዓይኗን በቀን ስንቴ ትጠርጊላታለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። የፐርሺያን ዓይን እንደሚያነባ፣ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ እንዳለበት ታውቃለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ልቤ አረፈ። ድመቷን ራሴ ቤቷ ድረስ ወሰድኳት፤ እንዳትወድቅ መስኮቱንም አየሁ። «ካልሆነልሽ ለእኔ መልሺ እንጂ ለሌላ አትስጪ» ብለን ተጻጻፍን። ድመቷ ሦስት ቀን አልጋ ሥር ተደበቀች አለችኝ። በሳምንቱ ግን ድመቷ ጭኗ ላይ ተኝታ የሚያሳይ ፎቶ ነርሷ ላከችልኝ።

የወሩ መጨረሻ ቢደርስብሽም ለቸኮለ ሰው አሳልፈሽ አትስጫት። እኔ ጋ ትርፍ ክፍል አለ፤ ሰው እስክናገኝላት ትቆይልሻለች። ማጓጓዣ ሳጥንም አለኝ። የቺፑን ነገር ስታውቂ በውስጥ ጻፊልኝ።